የጾም ሳሙና

ሙሴ ብሩነር ከድንጋይ ከሰል ቅባት ያወጣ ሰው ነው። ጎንደር ውስጥ ይህን ያልሰማ አልነበረም፤ ያመነ ግን ጥቂት ነው። በጀርመን አገር፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር በቆመ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በኬሚስትነት ሠርቷል። በጦርነቱ ጊዜ አገሩ ቅባት ሲያጥረው፣ እሱና ጓደኞቹ ያን ጥቁር ድንጋይ አፍልተውና አጣርተው እንደ ቅቤ የሚረጋ ነገር አወጡበት፤ ከሱም ሳሙና ሠሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፋብሪካው የለም፣ ቤቱ የለም፣ ሚስቱም በፈረሰው ቤት ሥር ቀርታለች። ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገባውን የዚህን ሰው ወሬ የጎንደር ፒያሳው ነጋዴ አቶ ማሩ ሲሰማ፣ "ከድንጋይ ቅባት ያወጣ ከኑግ ሳሙና ማውጣት ምን ይከብደዋል?" አለና በ1944 ዓ.ም. አስፈርሞ ጎንደር አመጣው፤ ፈረንጅ ሁሉ "ሙሴ" ይባላልና እሱም ሙሴ ብሩነር ሆነ።

ነገሩስ ልክ ነበር፤ ሳሙና መሥራቱ አልከበደውም። የከበደው ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ መጽሐፎቹን ሁሉ ቢያገላብጥ አያገኘውም። የምታውቀው እናኑ ነበረች፤ እሷም አፏን ለጉማ ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጠች። ምነው ዝም አለች? ነገርን ከሥሩ ነው።

እናኑ የቀሃ ወንዝ አጣቢ ናት። ባሏ በጣሊያን ጊዜ በረሃ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ፤ ልጅም አልሰጣት። ከእናቷ የወረሰችው ሀብት ቢኖር የሰፈሯን ደብር ካህናት ልብስ ማጠብ ነው። መቼም የመቅደሱን አልባሳት ሴት አትነካም፤ እሱ የዲያቆናቱ ሥራ ነው። የሷ ድርሻ ካህናቱ ከቤታቸው ለብሰውት የሚመጡት ነጠላና ጋቢ፣ በራሳቸው ላይም የሚጠመጥሙት ጥምጥም ነው። በበዓል ቀን ማኅሌት ሲቆም እሷ በሴቶቹ በር ቆማ ንጣቱን ታያለች። ጎረቤቷ ለተ ማርያም፣ "ዛሬስ ቅዳሴውን ሰማሽ ወይስ ነጠላውን ስትመረምሪ ዋልሽ?" እያለች ታሾፍባታለች። እናኑ አትቀየምም፤ እውነት ነዋ።

ሙሴ ብሩነር በመጣ በወሩ አንድ ጠዋት ወንዝ ወረደ። በእጁ ቢጫ ሳሙና ይዟል። እናኑ እንዶዷን ወቅጣ፣ አረፋውን አስነስታ ታጥባለች። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ አለ፤ ሸሚዙን አወለቀና ግማሹን በሷ እንዶድ፣ ግማሹን በሱ ሳሙና እንድታጥብለት በምልክት ነገራት። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ሸሚዙ ሲደርቅ የእንዶዱ ወገን ነጣ፣ የሳሙናው ወገን ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሙሴ ብሩነር ወደ ፀሐይ ይዞ አገላብጦ አየውና ከት ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ መሸነፉን ጻፈ። እናኑ ተሸንፎ የሚስቅ ወንድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። የዚያን ቀን ወደደችው። ክፉ አታስቡ፤ እንደ ወንድሟ ነው፤ ወንድም ይወደድ የለም እንዴ?

በየሳምንቱ አዲስ ሳሙና ይዞ ተመላለሰ፤ በየሳምንቱ ተሸነፈ። በስድስተኛው ሳምንት ሳሙናው እንዶዱን ረታ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ "ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ። አንቺ ላቦራቶሪዬ ነሽ" አላት። ላቦራቶሪ ምን እንደሆነ ባታውቅም ስድብ እንዳልሆነ ፊቱ ላይ አይታለች።

ፋብሪካው ጣሊያን ጥሎት የሄደ የማኪና ጋራዥ ነው። ውስጡ ሁለት ሰው የሚያሰጥሙ የብረት ድስቶች ተተክለዋል። ቅባቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኮስቲክ ሶዳ ከአስመራ ተጭኖ፣ አዲ አርቃይን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ይመጣል፤ ኑጉ ከደምቢያ፣ ሞራው ከከተማው ሥጋ ቤት። የሳሙናው ምስጢር ሞራው ነበር። ኑግ ብቻውን ሲሆን ሳሙናው ገንፎ ሆኖ ይቀራል፤ ሞራ ሲገባበት ግን ይጠነክራል፣ ይነጣል። ሞራውን የምታቀልጠው እናኑ ናት። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሙሴ ብሩነር ከተቆረጠው ሳሙና የተረፈውን ቁርጥራጭ ይሰጣታል፤ እሷም የካህናቱን ልብስ በሱ ታጥብበታለች። እንዶድ መውቀጥ እጇን አሳምሟት ነበርና እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝታ አታውቅም።

ስሕተቱ የተሠራው በ1945 ዓ.ም. ሁዳዴ ነው። ጾም ሲገባ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ይዘጋል። የፋብሪካው ድስት ግን መፍላቱን አላቆመም፤ ሞራው ከአዲስ ዓለም፣ ከእስላሞቹ ሰፈር መምጣት ጀመረ። ጎንደር ላይ እስላሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያኑም እስላም ያረደውን አይነካም፤ በዚህም ማንም በማንም አይቀየም፤ አብረው ያደጉበት ሥርዓት ነው። ለሙሴ ብሩነር ሞራ ሞራ ነው። ለእናኑ ግን የሞራ ጋሪው በየትኛው መንገድ እንደመጣ ማየት ብቻውን በቂ ነበር። ይህን እያወቀች፣ ለሆሣዕና የካህናቱን ልብስ በዚያው ሳሙና አጠበችው። እጇን ስላመማት ነው፤ ደግሞም ንጣቱን ስለወደደችው ነው።

በሆሣዕና ዕለት የደብሩ አለቃና የሷም የነፍስ አባት የሆኑት አለቃ ወልደ ገብርኤል ጥምጥማቸውን እየዳሰሱ ጠሯት።

"እናኑ፣ በደብረ ታቦር ላይ ታየ የተባለው ንጣት ይኸ ነው መሰለኝ። የምድር አጣቢ እንዲህ አያነጻም ይላልና መጽሐፉ። በምን አጠብሽው?"

"በእንዶድ ነው አባቴ" አለች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል። ቃሉ ካመለጣት በኋላ መልሳ ልትይዘው አልቻለችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነጠላው በነጣ ቁጥር ሆዷ ይጠቁርባት ጀመር።

ሳሙናው ደግሞ አልሸጥ አለ። ማለቴ፣ አንዳንዴ ይሸጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቆማል። ሙሴ ብሩነር በየሱቁ እየዞረ፣ "ሳሙናዬ ምን ጎደለው?" ይላል። ሰውም ይሉኝታ ይዞት፣ "ኧረ ሸጋ ነው ሙሴ፣ እጅዎ ይባረክ" ይለዋል። ሁሉም ያመሰግናል፣ ማንም አይገዛም። እሱ ጉድለቱ በሥራው መስሎት የሎሚ ሽታ ጨመረበት። አነስ አድርጎ ቆረጠው። አንድ ጊዜ የፋሲል ግንብን ሥዕል ቢያትምበት ጊዜ ጭራሽ ባሰ፤ "አጤ ፋሲልን በብብታችን ልናሽ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁበት። እሱ ፊት ግን አልሳቁም፤ እሱ ፊት "ሸጋ ነው" አሉ። አንድ ሰው አፍ አውጥቶ እውነቱን ቢነግረው ኖሮ የስንት ወር ድካም በቀረለት። ግን የጎንደር ሰው እንግዳ ከሚያሳዝን ፋብሪካ ቢዘጋ ይመርጣል።

በ1947 ዓ.ም. መስከረም አቶ ማሩ ወደ ፋብሪካው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ታክቶት ነው። "ሙሴ፣ እስከ ፋሲካ ልጠብቅ። ከዚያ በኋላ ድስቶቹን አስነቅዬ ቦታውን የእህል መጋዘን አደርገዋለሁ። አንተንም ወደ አገርህ አሳፍርሃለሁ" አለው። ሙሴ ብሩነር "እሺ" አለ። አቶ ማሩ ከወጣ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሞራዋን ስታማስል የነበረችው እናኑ ዘወር ብላ አየችው። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። "አገርህ" የሚሉት ከተማ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አንድ አልቀረም።

ሙሴ ብሩነር ከጠረጴዛው በላይ ባለው ግድግዳ ትልቅ ወረቀት ለጥፎ ነበር። ሽያጩ ሲጨምር ቀዩ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲቀንስ ቁልቁል ይወርዳል። እናኑ ፊደል አልቆጠረችም፤ ያን መስመር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስታየው ኖራለች። የዚያን ቀን ማማሰያዋን አስቀምጣ ወደ ወረቀቱ ሄደች።

"ሙሴ፣ ይኸ ገደል የመቼ ነው?"

"ከነሐሴ አንድ እስከ አሥራ አምስት።"

"ፍልሰታ ነው። ይኸኛውስ?"

"ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና።"

"የነቢያት ጾም። ይኸ ሰፊው፣ መውጫ የሌለው የሚመስለው?"

ሙሴ ብሩነር መነጽሩን አስተካክሎ ተጠጋ። "ከየካቲት እስከ ሚያዝያ" አለ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ሄደ።

"እሱ ሁዳዴ ነው። ሞራ አለበታ! ጾመኛ እንዴት አድርጎ በሞራ ታጥቦ በዚያው እጁ ይጉረስ? ደግሞ በጾም ጊዜ ሞራው ከየት እንደሚመጣ ገበያው ሁሉ ያውቃል። በፍስኩ ሲገዙዎት፣ በጾሙ ሲተዉዎት ነው የከረሙት። ሳሙናዎ ምንም አልጎደለው።"

ሙሴ ብሩነር ከወረቀቱ ዘወር አለ። "ምነው ሳትነግሪኝ?" አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰባት። ስለ ካህናቱ ልብስና ስለ እንዶዱ ነገረችው። "ይህን ብነግርዎ፣ አንቺስ ያን ጊዜ በምን አጠብሽ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከእርስዎ አፍ ወደ ደብሩ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ።"

ያለ ሞራ የሚጠነክር ሳሙና መሥራት ያስፈልጋል። ሙሴ ብሩነር ሦስት ቀን መጽሐፍ ሲገልጥ ከረመ። በአራተኛው ቀን እናኑ ቤት አንድ ነገር ሊጠይቃት ቢመጣ ለተ ማርያምና እሷ ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ይዳምጣሉ። ፍሬው ከጎናቸው ተከምሯል።

"ይኸን ምን ታደርጉታላችሁ?" አለ።

"ለላም ነው፤ የተረፈው ይጣላል" አለችው ለተ ማርያም።

ከፍሬው አንድ እፍኝ ዘግኖ አንዱን በጥርሱ ሰበረው፤ ፊቱ በራ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ መጀመሪያ የተቀጠረው ከባሕር ማዶ የሚመጣ የጥጥ ፍሬ ዘይት እንዲያጣራ ነበር። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት የተማረው ጎንደር ላይ፣ በሴቶች እግር ሥር ተከምሮ ጠበቀው። የጥጥ ፍሬ ዘይት ከኑግ ጋር ተቀላቅሎ፣ ጨው በዝቶበት፣ በበጋው ነፋስ ሃምሳ ቀን ከደረቀ ይጠነክራል። እናኑ ከሰፈር ሰፈር እየዞረች ፍሬውን ሰበሰበች። እሱ አንደኛውን ድስት በአሸዋና በሶዳ ሰባት ጊዜ አሳጠበው። ጥር ሲብት አዲሱ ሳሙና በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ነበር፤ ቡናማ፣ ጠንካራ፣ ከእጅ የማይንሸራተት።

ታዲያ ማን ያምናል? አቶ ማሩ፣ "ሞራ የለበትም ብለን እናስነግር" ቢል እናኑ ሳቀች። ሰው አይቶ ካልሆነ አያምንም፤ ያየ ሰው ደግሞ አለቃ ወልደ ገብርኤል ካልሆኑ አያሳምንም። አለቃም ዝም ብለው አይመጡም፤ ፋብሪካው ውስጥ የምትሠራውን፣ ሞራውን የምታቀልጠውን፣ የንስሐ ልጃቸውን ጠይቀው ነው የሚመጡት። እናኑ ይህን ሁሉ አሰበችው። በአንድ ውሸት ላይ ቆማ እንዴት ለሌላ ነገር እውነት ትመስክር? ዝም ብትል ሙሴ በፋሲካ ይሄዳል። ብትናገር ከእናቷ የወረሰችው ይሄዳል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣች፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደብሩ ሄዳ ተንበረከከች።

አለቃ ሲሰሟት ቆዩና መቋሚያቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

"የዛሬ ሁለት ዓመት በሆሣዕና የጠመጠምኩት እሱን ነበር?"

"አዎ አባቴ።"

"በእንዶድ ነው አልሽኝ።"

"አልሁ አባቴ።"

ብዙ አልተቆጡም። የሁዳዴ ጾም እንደገባ በየማለዳው መቶ ስግደት እስከ ሆሣዕና ድረስ ስገጂ፤ የካህናቱንም ልብስ ለአንድ ዓመት እንዳትነኪ አሏት። "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው መስቀሉን አሳለሟት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

በማግስቱ አለቃ ወደ ፋብሪካው መጡ። ድስቱን አዩ፣ ዘይቱን አሸተቱ፣ ሳሙናውን በጥፍራቸው ፋቁ። ስንት ጊዜ እንደታጠበ ጠየቁ። "ሰባት ጊዜ" ሲላቸው፣ "ሰባት ይበቃዋል" አሉ። የጾሙ መግቢያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ፣ "ጾም በአፍ ነው እንጂ በጨርቅ አይደለም። ነገር ግን ኅሊናው ለሚወቅሰው ይኸውላችሁ፣ ሞራ የሌለበት ሳሙና ተሠርቷል፤ በዐይኔ አይቻለሁ" አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የጎንደር ሰው ያውቀዋል። በየሱቁ "የጾም ነው የፍስክ?" እየተባለ ሳሙና ይሸጥ ጀመር። ያን ሁዳዴ ቀዩ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይወርድ አለፈ፤ አቶ ማሩም ስለ እህል መጋዘኑ ዳግም አላነሣም። ሙሴ ብሩነር ጎንደር ቀረ። አሥራ ስድስት ዓመት ኖረባት፤ የሚያፈቅሯት ሁሉ እንደሚያማርሩባት እሱም እያማረረባት።

ጾሙ በገባ ሰሞን እናኑ ስለ ቅጣቷ አልነገረችውም። ግን የካህናቱ ልብስ የሚታሰርበት ትልቁ ጥቅል ከፋብሪካው በር አጠገብ መታየቱ ቀረ። "የካህናቱ ልብስ የት ሄደ?" አላት።

"ሌላ ሰው ይጠበው ብዬ ነው። እጄን ያመኛል።"

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ምን እሆናለሁ።"

ሙሴ ብሩነር ያን ጊዜ ጎንደርን ተምሯል። "ደህና ነኝ" ሲባል መጠየቅ እንዳለበት፣ ግን ተናጋሪውን መጠየቅ እንደሌለበት ገብቶታል። ለተ ማርያምን ጠየቀ፤ ለተ ማርያም ደግሞ ለመናገር ማን ይቀድማታል። ወዲያው ባርኔጣውን አድርጎ አለቃ ዘንድ ሄደ። እናኑ የተባባሉትን የሰማችው ኋላ ከራሳቸው ከአለቃ ነው።

"ሳሙናው የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው" አላቸው። "ሃያ ስድስት ዓመት በፋብሪካ ስሠራ በእኔ ጥፋት ሠራተኛ ተቀጥቶ አያውቅም።"

"ሞራው ያንተ ነው፤ ለሱ አልቀጣኋትም" አሉት። "ውሸቱ ግን የሷ ነው።"

"ስግደቱ መቶ ነው አሉ። ሃምሳው የእኔ ይሁን።"

"አንተ ከእኛ ማኅበር አይደለህም፤ ላዝህ አልችልም" አሉት። "ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሜዳ የደብሩ አይደለም፤ እዚያ የሚጎነበሰውን ልከለክል አልችልም።"

በማግስቱ ማለዳ እናኑ ወደ ደብሩ ስትወጣ፣ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር የሰው ማቃሰት ሰማች። በሽተኛ ነው ብላ ተጠጋች። ሙሴ ብሩነር ነው። ባርኔጣውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ኮቱን አውልቆ፣ እየተንበረከከና እየተነሣ በራሱ ቋንቋ ይቆጥራል። በተነሣ ቁጥር ጉልበቱ ይንቋቋል። ለማን፣ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። ወንድምም ቢኖራት ከዚህ በላይ ምን ባደረገላት? ግን ዐይኗን ጠርጋ ስታየው፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ነው የሚሰግደው።

"ሙሴ፣ ጎጃም ምን አደረገልዎ?" አለችና ትከሻውን ይዛ ወደ ምሥራቅ አዞረችው። ከዚያ ነጠላዋን መስቀልኛ አጣፍታ፣ ከቅጥሩ ሳትገባ፣ ከጎኑ ተንበረከከች። ሃምሳውን ሲጨርስ መነሣት አቃተው፤ እጇን ሰጠችው።